«ማካፈል»፣ «ወደብ»፣ «መጠባበቂያ»፦ የአንድ የሰርቨር መመሪያ የቃላት አመራረጥ ሲመዘን

1. መነሻ

የሙያ ስያሜ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ወደ አንድ ጥያቄ ማዘንበሉ የተለመደ ነው፤ ይኸውም ቃሉ ከግእዝ ይውጣ፣ ከሕዝቡ አነጋገር ይቀዳ፣ ወይስ ከባዕድ ቋንቋ እንዳለ ይወሰድ የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ብቻውን በቂ አይደለም። «ወዛደር» እና «ርዕዮተ ዓለም» የተባሉት ስያሜዎች ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በአዋጅና በጋዜጣ ተስፋፍተው ጸንተዋል። «መኪና» እና «ባቡር» ደግሞ ከባዕድ የመጡ ሆነው ሳለ ዛሬ እንግዳ ናቸው የሚል የለም። ስለዚህ የቃሉ የትውልድ ቦታ ብቻ የስያሜውን መልካምነት አይወስንም። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ትችት የሚመረኮዘው በሌላ መመዘኛ ላይ ነው፤ ስያሜው ሊለያዩ የሚገባቸውን ሁለት ነገሮች ለይቶ ያሳያል ወይስ አንድ ላይ ያደባልቃል?

ለምርመራው መነሻ የሆነው ለአነስተኛ ቢሮዎች የጋራ ሰርቨር አተካከልን የሚያስተምር፣ የአዘጋጁ ስም ያልተጻፈበት፣ በፎቶ ኮፒ እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ የ24 ገጽ የአማርኛ መመሪያ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢና አምስት የሥራ ባልደረቦቹ በዚሁ መመሪያ ተመርተው በትርጉም ቢሮአቸው አንድ ሰርቨር ተከሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ስድስታችንም በየኮምፒዩተራችን የየራሳችንን የቃላት ዝርዝር እናጠራቅም ስለ ነበር አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ መጽሐፍ ውስጥ በሦስት ዓይነት አማርኛ ተተርጉሞ ይገኝ ነበር። ሁሉም የሚደርስበት፣ ሌት ተቀን የማይጠፋ፣ ዝርዝሩን በአንድ ቦታ የሚይዝ ኮምፒዩተር ያስፈልገን ነበር። ሰርቨሩ ተተከለ፤ ሥራውም ሰመረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የሦስት ሳምንት የቃላት ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠፋ። ያጠፋው የመሣሪያው ብልሽት ወይም የሠራተኛው ስንፍና ሳይሆን በመመሪያው ውስጥ ያሉ ሁለት ቃላት ናቸው። እነዚህን ቃላት በየተራቸው እንመለከታለን።

2. አገልጋይና ደንበኛ

መመሪያው ሰርቨርን «አገልጋይ»፣ ከሰርቨሩ ፋይል የሚጠይቀውን የሠራተኛ ኮምፒዩተር ደግሞ «ደንበኛ» ይላል። «አገልጋይ» በቋንቋችን ሁለት ጥላ ያለው ቃል ነው። በአንድ በኩል በሰው ቤት የሚያገለግለውን፣ በሌላ በኩል በቤተ ክርስቲያን የሚቀድሰውን ያመለክታል። ይህ ግን ቃሉን የሚያስጥል ጉድለት አይደለም። ችግሩ ያለው በጥንዱ ላይ ነው። «ደንበኛው ሲጠይቅ አገልጋዩ ያቀርባል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያነበበ ሰው በአእምሮው የሚሣለው ምግብ ቤት እንጂ ቢሮ አይደለም። ደግሞም ደንበኛ የሚባለው የሚገዛና የሚከፍል፣ ነገ ሌላ ሱቅ ሊሄድ የሚችል ሰው ነው። የቢሮው ኮምፒዩተር እንደዚያ አይደለም።

ለዚህ ከደጃችን ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጽሑፎች ውስጥ «ተገልጋይ» የሚለው ቃል ከተለመደ ቈይቶአል። አገልጋይና ተገልጋይ ከአንድ ሥር የወጡ፣ አንዱ ሰጪውን ሌላው ተቀባዩን የሚያሳዩ፣ በቅርጻቸው ራሱ ግንኙነታቸውን የሚናገሩ ጥንድ ቃላት ናቸው። የእንግሊዝኛው ጥንድ እንኳ ይህን ያህል የቅርጽ ዝምድና የለውም። ስለዚህ «ደንበኛ» ቀርቶ «ተገልጋይ» ቢገባ ትርፉ ብዙ ነው።

ሌላም ሊነሣ የሚገባው ነጥብ አለ። አማርኛ መሣሪያን የሚሰይመው በአብዛኛው በመሣሪያ ስም ቅርጽ ነው፤ ማተሚያ፣ ማቀዝቀዣ፣ መፍጫ፣ መጻፊያ እያለ። መመሪያው ግን ማተሚያውን «አታሚ» ይለዋል። አታሚ የሚያትመው ሰው ወይም ድርጅት ነው። «አታሚውን ከሰርቨሩ ጋር ያገናኙ» ሲባል አንድ ባልደረባችን ከማተሚያ ቤት የሚመጣ ሰው ያለ መስሎት ነበር። ይህ የእንግሊዝኛውን ቃል ቅርጽ የመከተል ልማድ ሊታረም ይገባዋል። «ሰርቨር» ግን መሣሪያውን ራሱን ለማመልከት በአፍ የጸና ስለ ሆነ እንዳለ ቢቀር፣ «አገልጋይ» ደግሞ በውስጡ ለሚሠራው ፕሮግራም ቢሰጥ፣ ሁለት ነገር በሁለት ቃል ይለያል።

3. ማጋራት፣ ማካፈል፣ መከፋፈል

አሁን ጉዳት ወዳደረሰው ቃል እንመጣለን። መመሪያው በገጽ 9 ላይ አንድን ማኅደር ሌሎች እንዲደርሱበት ማድረግን «ማካፈል» ይለዋል። በገጽ 14 ላይ ደግሞ አንዱን ዲስክ ለየብቻ ወደሚቈጠሩ ክፍሎች መቈራረጥን ሲያስረዳ «ዲስኩን ያካፍሉ» ይላል። ሁለቱ ተግባራት ከሰማይና ከምድር የራቁ ናቸው። የመጀመሪያው ፋይሉን ባለበት ትቶ በሩን ለሌሎች ይከፍታል። ሁለተኛው የዲስኩን የክፍል ሠንጠረዥ እንደገና ይጽፋል፤ ቀድሞ የነበረው ሁሉ ከዚያ በኋላ በቀላሉ አይገኝም። ከመካከላችን አንዱ አዲስ ለገባች ባልደረባ የቃላቱን ዲስክ «ሊያካፍል» ተነሣ፤ መመሪያውን ገልጦ ያገኘው ገጽ 14ን ነበር። የተጻፈውን ሁሉ በጥንቃቄ ፈጸመ፤ ዲስኩም ባዶ ሆነ።

ስለ ቃሉ እንነጋገር። «አካፈለ» ማለት ከአንድ ነገር ለሌላው ድርሻ መስጠት ነው። እንጀራ ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል፤ በሒሳብም ማካፈል የሚያሳንስ ስሌት ነው። ፋይል ግን ስድስት ሰው ቢያነበው አያንስም። ለዚህ ተስማሚው «ተጋራ» ነው፤ ግቢ ይጋራሉ፣ ሐሳብ ይጋራሉ፣ ማንም ድርሻውን ቈርጦ አይወስድም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ተግባር «ማጋራት»፣ ለሁለተኛው «መከፋፈል» ወይም «ዲስክ መክፈል» ቢባል፣ «ማካፈል» ደግሞ ከሰርቨር መመሪያ ጨርሶ ቢወጣ ይሻላል። አንድ ቃል መጥፎ የሚሆነው በራሱ ሳይሆን ሁለት አደገኛ ጎረቤቶችን በአንድ ጣራ ሥር ሲያኖር ነው።

4. ፋይልና ማኅደር

የኢትዮጵያ ቢሮ ከኮምፒዩተር በፊትም የጋራ ማከማቻ ነበረው፤ መዝገብ ቤት ይባላል። በዚያ የሚሠሩት ሰዎች የዳበረ የሙያ ቋንቋ አላቸው፤ ገቢና ወጪ ደብዳቤ፣ የግል ማኅደር፣ የመዝገብ ቍጥር፣ ሸኚ፣ አባሪ። ሰርቨር ለአነስተኛ ቢሮ ምን ያደርጋል ቢባል አጭሩ መልስ የኤሌክትሮኒክስ መዝገብ ቤት ይሆናል ነው። መመሪያው ግን ይህን ሀብት አልነካውም።

በዚህ ረገድ አንድ የተሰወረ ግጭት አለ። በመዝገብ ቤት አነጋገር «ፋይል» የሚባለው ብዙ ደብዳቤዎች ተጠርዘው የሚቀመጡበት ማቀፊያ ነው። በኮምፒዩተር ግን ፋይል የሚባለው አንዱ ሰነድ ራሱ ነው፤ ማቀፊያው ሌላ ስም አለው። በመዝገብ ቤት ለብዙ ዓመታት የሠራ ሰው «ፋይሉን ያጥፉት» ሲባል የሚረዳው መላውን ጥራዝ እንዲያጠፋ ነው። «ፋይል» ከእንግዲህ ከኮምፒዩተር ቋንቋ ይወጣል ብሎ መመኘት ከንቱ ነው፤ ነገር ግን መመሪያዎች በመጀመሪያው ገጽ ላይ ልዩነቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢያስረዱ ብዙ ስሕተት ይድናል።

ለማቀፊያው መመሪያው አንድ ጊዜ «አቃፊ»፣ አንድ ጊዜ «ማኅደር»፣ አንድ ጊዜ «ፎልደር» ይላል። ከሦስቱ «ማኅደር» ይመረጣል። ቃሉ «ኀደረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ማደሪያ ማለት ሲሆን፣ የብራና መጽሐፍ የሚቀመጥበት የቆዳ ከረጢትም ማኅደር ይባላል። ቢሮውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ቋንቋውም ያውቀዋል። «አቃፊ» ግን የሚያቅፍ ሰው ነው፤ በ«አታሚ» ላይ የተነሣው ተቃውሞ በዚህም ላይ ይነሣል።

5. ፈቃድ

መመሪያው ማን ምን ማንበብና ምን መጻፍ እንደሚችል የሚወሰንበትን ክፍል «ፈቃድ» ብሎ ሰይሞታል። ይኸው ቃል ሦስት ገጽ ዝቅ ብሎ ፕሮግራም ለመጠቀም ከባለቤቱ የሚገኘውን ውል ያመለክታል። በቢሮ አነጋገር ደግሞ ፈቃድ ማለት ከሁሉ በፊት የዓመት ዕረፍት ነው። «ለሠራተኛዋ የአንድ ማኅደር ፈቃድ ይስጧት» የሚለውን የሰው ኀይል ክፍል ቢያነበው ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።

የፕሮግራሙ ውል «ፈቃድ» ይሁን፤ የንግድ ፈቃድና የመንጃ ፈቃድ እንደሚባለው። ሠራተኛው በማኅደሩ ላይ ያለው ሥልጣን ግን «መብት» ቢባል ይለያል፤ የማንበብ መብት፣ የመጻፍ መብት፣ የመሰረዝ መብት። ይህ የሥርዐት ጥያቄም ነው። የቃላቱን ዝርዝር ሁሉም ሊያነበው፣ ሊጨምርበት ግን ሁለት ሰው ብቻ ሊፈቀድለት ይገባል። በእኛ ቢሮ ስድስታችንም የሁሉ ባለመብት ሆነን ነበር፤ ይህም ለጥፋቱ መንገድ ጠርጎአል።

ከዚሁ ጋር፣ በሰርቨሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለውን ተጠቃሚ መመሪያው «ሥር» ሲለው «በሥር ይግቡ» የሚል ዐረፍተ ነገር ተወልዶአል። ይህ አማርኛ ከታች በኩል ሾልኮ መግባትን እንጂ ባለሙሉ ሥልጣን መሆንን አይገልጽም። «ዋና አስተዳዳሪ» ቢባል ለማንም ግልጽ ነው። በአንጻሩ «የይለፍ ቃል» ሊመሰገን የሚገባው ስያሜ ነው። ዘበኛ ፊት የሚታየውን «ይለፍ» የሚያውቅ ሰው ትርጉሙን ለማወቅ ማብራሪያ አይሻም።

6. ወደብ ወይስ በር?

በመመሪያው ውስጥ እጅግ የተሳሳተው ትርጉም «ወደብ» ነው። አንድ ኮምፒዩተር የተለያዩ አገልግሎቶችን የሚቀበልባቸው፣ በቍጥር የሚታወቁ መግቢያዎች አሉት። እንግሊዝኛው ለእነዚህ የሚጠቀምበት ቃል የመርከብ ማረፊያን ከሚያመለክተው ቃል ጋር በድምፅም በአጻጻፍም አንድ ነው። የኮምፒዩተሩ ቃል ግን የመጣው በር የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል እንጂ የመርከብ ማረፊያን ከሚያመለክተው አይደለም። ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ገልጦ የመጀመሪያውን ትርጉም ወሰደ፤ «ወደብ 445ን ይዝጉ» የሚል ትእዛዝም ተጻፈ። ባሕር ለሌላት አገር አንባቢ ይህ ትእዛዝ ጥቂት ያስገርማል።

ጉዳዩ ግን ከቀልድ ያለፈ ነው። መግቢያ ቍጥር 445 ፋይል መጋሪያው የሚጠቀምበት ነው። በቢሮው ውስጥ ክፍት መሆን አለበት፤ ወደ ውጭው ኢንተርኔት ግን ሊከፈት አይገባውም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 «ዋናክራይ» የተባለው ፋይል ቈልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ተንኰል አዘል ፕሮግራም በብዙ አገሮች የተሰራጨው በዚሁ የፋይል መጋሪያ ሥርዐት ድክመት ገብቶ ነው። «ወደቡን ዝጋ» የተባለ ሰው ነገሩ የማይገባው ስለ ሆነ ይዘለዋል። «ይህ በር ወደ ውጭ እንዳይከፈት» የተባለ ሰው ግን ቴክኒክ ባያውቅም ይጠነቀቃል።

ይበልጥ የሚያስቈጨው፣ ይኸው መመሪያ እሳት ከልካዩን ግድግዳ ቃል በቃል ሳይተረጕም «ኬላ» ማለቱ ነው። ኬላ መንገደኛና ዕቃ እየተፈተሸ የሚያልፍበት ቦታ ነው፤ ሥራውን በትክክል ይገልጻል። ኬላውን ያገኘ ተርጓሚ በሩን ማጣት አልነበረበትም። «በኬላው ላይ በር 445 ለቢሮው ብቻ ይከፈታል» ቢል ኖሮ ሥዕሉ በሙላት ይወጣ ነበር።

7. ስለ «ሳምባ»

ፋይል የሚያጋራውን ፕሮግራም መመሪያው ያለ ምንም ማብራሪያ «ሳምባ» ብሎ ይጠራል። ለአማርኛ አንባቢ ሳምባ የሚተነፍስበት የአካል ክፍል ነው። «ሳምባው ካልሠራ ሰርቨሩን እንደገና ያስነሡ» የሚለው ምክር ሐኪም የሚያስጠራ ይመስላል። የተጸውዖ ስም አይተረጐምም፤ ነገር ግን በትእምርተ ጥቅስ ሊለይና «ሳምባ የተባለው ፕሮግራም» ሊባል ይችል ነበር።

የስሙ ታሪክ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ደስ የሚያሰኝ ነው። አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይህን ፕሮግራም ሲጽፍ የሰጠው የቀድሞ ስም በሌላ ድርጅት የተያዘ ሆኖ ተገኘ። የፋይል መጋሪያው ሥርዐት በሦስት ፊደላት፣ ኤስ፣ ኤም፣ ቢ ተብሎ ይጠራ ስለ ነበር፣ በኮምፒዩተሩ የቃላት ዝርዝር ውስጥ እነዚህን ፊደላት በቅደም ተከተል የያዙ ቃላትን ፈለገ፤ ካገኛቸውም አንዱን መረጠ። ለስያሜ የቃላት ዝርዝር መግለጥ የእኛ ልማድ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

8. መጠባበቂያ

ሁለተኛው ጥፋተኛ ቃል ይህ ነው። መመሪያው ሰርቨሩ ሁለት ዲስክ እንዲኖረውና የሚጻፈው ሁሉ በሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ እንዲጻፍ ይመክራል፤ ይህንንም «መጠባበቂያ» ይለዋል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ በየዕለቱ ወደ ሌላ ዲስክ የሚገለበጠውን ቅጂ እንዲሁ «መጠባበቂያ» ይለዋል። እኛም የመጀመሪያውን ስላደረግን ሁለተኛውን ያደረግን መሰለን።

ልዩነቱ ግን እንዲህ ነው። በሁለት ዲስክ ላይ በአንድ ጊዜ መጻፍ አንዱ ዲስክ ቢሰበር ሥራው እንዳይቋረጥ ያደርጋል። ሰው ቢሰርዝ፣ ቢሳሳት፣ ተንኰል አዘል ፕሮግራም ቢገባ ግን ጥፋቱ በዚያችው ቅጽበት በሁለቱም ላይ ይደርሳል። የኛ ዲስክ በስሕተት ሲከፋፈል መንታውም አብሮ ተከፋፈለ። ያዳነን በየግል ኮምፒዩተራችን የቀረው አሮጌ ዝርዝር ነበር፤ በመካከሉ ያለው የሦስት ሳምንት ሥራ ግን አልተመለሰም።

«መጠባበቂያ» በቋንቋችን ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ገንዘብ ወይም እህል ነው። ጥሩ ቃል ነው፤ ግን ለየትኛው ነው? ለክፉ ቀን የሚቀመጥ እህል ከዕለት እህል ጋር በአንድ ጎተራ አይቀመጥም፤ ጎተራው ቢቃጠል ሁለቱም ይቃጠላሉና። ስለዚህ «መጠባበቂያ ቅጂ» ተለይቶ ለሚቀመጠው ብቻ ይሰጥ። የባለሙያዎቹ የተለመደ ምክርም ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱም ከቢሮው ውጭ ይሁን የሚል ነው። በአንድ ጊዜ የሚጻፍባቸው ሁለት ዲስኮች ደግሞ «መንታ ዲስክ» ቢባሉ፣ ቃሉ ራሱ አንዱን የነካው ሌላውንም እንደሚነካ ያስታውሳል።

9. ሰዓትና ፊደል

መመሪያው ቅጂው «ከሌሊቱ 2 ሰዓት» እንዲወሰድ ያዛል። ምንጩ ከእኩለ ሌሊት የሚቈጥር እንደ ሆነ ግልጽ ነው፤ በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለቱ ነበር። በአማርኛ ከሌሊቱ 2 ሰዓት የሚባል ሰዓት ስለሌለ አንባቢው ወይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ብሎ ያርመዋል፣ ወይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ያደርገዋል፤ በሁለቱም ጊዜ ቢሮው በሥራ ላይ ሊሆን ይችላል። ቃል ተተርጕሞ ሰዓት ሳይተረጐም ሲቀር ትርጉሙ ግማሽ ነው።

የፊደል ጉዳይም አለ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቍጥር አግኝቶአል። ለኮምፒዩተሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ጽሑፍ» የሚለው አንድ ቃል በጽ ወይም በፅ፣ በሁ፣ በሑ ወይም በኁ ሲጻፍ ስድስት መልክ ይኖረዋል፤ በአንዱ መልክ የተሰየመ ሰነድ በሌላው ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል። በግል ኮምፒዩተር ላይ ይህ የግል ጣጣ ነው። በጋራ ሰርቨር ላይ ግን የፊደል አጠቃቀም ክርክር የሥራ ጉዳይ ይሆናል፤ ስድስት ሰው ያለበት ቢሮ አንድ አጻጻፍ መምረጥ ግድ ይለዋል። ርዝመትም ገደብ አለው። በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ የተለመደው የማከማቻ አሠራር ለአንድ ስም 255 ባይት ብቻ ይሰጣል፤ አንዱ የእኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ስሙ ከ85 ፊደላት ሊያልፍ አይችልም። ረጅም ርዕስ ለምንወድ ሰዎች ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። መመሪያው ስለዚህ ሁሉ አንድም ቃል አላለም።

10. ማጠቃለያ

መመሪያው በብዙ ረገድ የሚመሰገን ሥራ ነው። አዘጋጁ ማንም ይሁን ማን፣ ይህን ዕውቀት በአማርኛ ለማቅረብ የደከመ ሰው ነው፤ «ኬላ» ያለ ሰው ቋንቋውን ያውቃል። ጉድለቱ የቃል ድህነት ሳይሆን ቃላቱን ጎን ለጎን አሰልፎ አለመመርመሩ ነው። እያንዳንዱ ስያሜ ለብቻው ሲታይ ያስኬዳል፤ ስሕተቱ የሚታየው ሁለቱ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ቀን ሲገናኙ ነው።

በዚህ ምርመራ የቀረቡት ሐሳቦች በአጭሩ እነዚህ ናቸው፦ ለፕሮግራሞቹ አገልጋይና ተገልጋይ፤ ለመሣሪያው ሰርቨር፤ ለማተሚያ መሣሪያ ማተሚያ፤ ለሌሎች ለመክፈት ማጋራት፤ ዲስክ ለመቈራረጥ መከፋፈል፤ ለሰነዶች ማቀፊያ ማኅደር፤ ለውሉ ፈቃድ፤ ለሥልጣኑ መብት፤ ለሙሉ ባለሥልጣኑ ዋና አስተዳዳሪ፤ ለቍጥራዊ መግቢያ በር፤ ለፈታሹ ኬላ፤ ለሁለቱ ዲስኮች መንታ ዲስክ፤ ተለይቶ ለሚቀመጠው መጠባበቂያ ቅጂ።

ከእነዚህ መካከል አዲስ የተፈጠረ ቃል እንደሌለ አንባቢ ያስተውላል። ሁሉም በቢሮ፣ በመንገድ፣ በጎተራና በመጽሐፍ ቤት የነበሩ ናቸው፤ የተጨመረው ማን ከማን ጎን እንደሚቆም መወሰን ብቻ ነው። የተሻለ ሐሳብ ያላቸው፣ በተለይም በመዝገብ ቤት ሥራ የቈዩ አንባብያን፣ አስተያየታቸውን ቢያቀርቡ በምስጋና ይታያል። የእኛ ቢሮ እስከዚያው ድረስ መመሪያውን በእርሳስ አርሞ ይጠቀምበታል፤ በገጽ 14 ላይ «ያካፍሉ» የሚለው ቃል በቀይ ተሰርዞአል።